ዜሮና ሰረዝ

እናቴ ካፌ ለካፌ ስዞር የማድር ይመስላታል። ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ቀን ለአክስቴ ልጅ በስልክ «ሌሊቱን ሙሉ ካፌው ላይ ነበርኩ፣ ጠዋት ላይ ነው ያቆመው» ስላት ሰማችኝ። ስልኩን እስክዘጋ ጠበቀችና «ድሬ ላይ እስከ ጠዋት የሚከፍተው የትኛው ካፌ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አስረዳኋት። ትስቃለች እንጂ አላመነችኝም።

ካፌ ጂኖች በዘመናት ውስጥ እንዴት እንደበዙና እንደቀነሱ የሚያሰላ ሶፍትዌር ስም ነው። ረጅሙ የእንግሊዝኛ ስሙ ሲያጥር እንደዚያ ይነበባል። ሐሳቡ በ2005 በጥናት ወጣ፣ ፕሮግራሙ በ2006 ተከተለ፣ እኔ የያዝኩት አምስተኛው ደግሞ በ2020 የወጣ ነው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። ነጻ ነው። ኮዱም ክፍት ስለሆነ ማንም አውርዶ ሊነካካው ይችላል። እኔም ነካካሁት።

ባዮሎጂ አልተማርኩም። ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ለነጋዴዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እሠራለሁ። ስንት ካርቶን ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ። የአክስቴ ልጅ ግን ሐረር ሆና ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው፤ ርዕሷ ቡና በሽታን የሚከላከልባቸው ጂኖች ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሐረር በሚኒባስ መጣች። ከአወዳይ ደውላ «ምሳ አስቀምጡልኝ» አለች፣ ከደንገጎ ደውላ «ሙቀቱ ተቀበለኝ» አለች፣ ቤት ስትደርስ ደግሞ ላፕቶፑን ከፍታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አቦ እስቲ እዪልኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

ያኔ ነው የገባሁበት።

ነገሩን ከባዶ ላስረዳ። ጂን አንዳንዴ በስህተት ይባዛል። አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ ሦስት። ከቅጂዎቹ አንዳንዱ ሥራ ይለውጣል፣ አንዳንዱ ይበላሻል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይጠፋል። ከአንድ የጋራ ጂን የወረዱት ሁሉ የጂን ቤተሰብ ይባላሉ። ቤተሰቡ በአንዱ ዝርያ ትልቅ፣ በሌላው ትንሽ ሊሆን ይችላል። የሽታ ተቀባይ ጂኖችን ውሰዱ። የሚሠሩት በሰው ወደ 400 ናቸው። በአፍሪካ ዝሆን ግን ወደ 2,000 ይጠጋሉ። ባቢሌ ያሉት ዝሆኖች ከእኛ ቀድመው ለምን እንደሚያሸቱን ከዚህ ገምቱ።

ቡናም የራሱ ታሪክ አለው። ካፌይን የሚሠሩት ጂኖች እዚያው ጎን ለጎን እየተባዙ የመጡ ናቸው። ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዝርያ ጂኖም (የዘር መረጃው በሙሉ) በ2014 ሲታተም ነው ይህ በደንብ የታየው። ሻይና ካካዎም ካፌይን አላቸው፣ ነገር ግን ከቡና ጋር በውርስ የተካፈሉት አይደለም። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የደረሱበት። ይህን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። እናቴ ግን ምንም አልመሰላት። ለሷ ቡና ቡና ነው፣ ሻይ ሻይ ነው።

ካፌ የሚሠራው ይህን ነው። ሁለት ነገር ትሰጡታላችሁ። አንደኛው ሠንጠረዥ ነው። ረድፉ የጂን ቤተሰብ፣ ዓምዱ ዝርያ፣ ውስጡ ቁጥር። ሁለተኛው የዝርያዎቹ ዛፍ ነው፤ ማን ከማን መቼ እንደተለየ የሚያሳይ። እሱ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄድና የጠፉት አያት ቅድመ አያቶች ስንት ስንት ቅጂ እንደነበራቸው ይገምታል። በየትኛው ቅርንጫፍ ላይ ቤተሰቡ እንደሰፋ፣ በየትኛው እንደጠበበ ይነግራችኋል።

የሚጠቀምበት ስሌት የልደትና ሞት ሂደት ይባላል። እያንዳንዱ ቅጂ በጊዜ ውስጥ የመባዛትም የመጥፋትም ዕድል አለው። የዚያ ፍጥነት ላምዳ ይባላል። ፕሮግራሙ የተለያየ ላምዳ እየሞከረ፣ በእጃችን ያለውን ሠንጠረዥ ለማምጣት ከሁሉ የተሻለ ዕድል ያለውን ይመርጣል። ከቅርንጫፉ ጫፍ ይጀምርና ወደ ስሩ እየወረደ ያባዛል፣ ይደምራል። እዚህ ውስጥ አንድ ጨካኝ ሕግ አለ። ዜሮ የገባ ቤተሰብ አይመለስም። የሚባዛ ከሌለ ከየት ይወለዳል?

ይህችን ዜሮ ያዙልኝ። የጽሑፉ ነገር ሁሉ እሷ ነች።

መጀመሪያ ያገኘሁት ችግር ግን ተራ ነበር። ፋይሉን በዊንዶውስ ከፍታ ስላስቀመጠችው በየመስመሩ ጫፍ የማይታይ ምልክት ገብቷል። በዛፉ ላይ ያለው የአንድ ዝርያ ስም ከሠንጠረዡ ስም ጋር በአንዲት ፊደል ይለያል። የዛፉ ቅርንጫፎችም ከስር እስከ ጫፍ እኩል አልነበሩም፤ ካፌ የሚፈልገው ጊዜን የሚለካ ዛፍ ስለሆነ ሁሉም ጫፍ ዛሬ ላይ መድረስ አለበት። ሦስቱንም ቀድሞ የሚያጣራ አርባ መስመር የማትሞላ ስክሪፕት ጻፍኩላት። ሦስት ሳምንት የበላው ነገር ይኸው ነበር። አልቀለድኩባትም። ትንሽ ብቻ።

ሁለተኛው ትንሽ ከበድ ይላል። አረቢካን እንደ አንድ ዝርያ አስገብታዋለች። አረቢካ ግን ብቻውን የቆመ አይደለም። ሮቡስታና ዩጂንዮይደስ የሚባሉ ሁለት የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የሁለቱንም ሙሉ ጂኖም ይዞ የተወለደ ነው። እነሱ 22፣ 22 ክሮሞሶም አላቸው፣ እሱ 44። በ2024 የወጣው ጥናት ይህ የሆነው ከ350 ሺህ እስከ 610 ሺህ ዓመት በፊት እንደሆነ ያሳያል። እንግዲህ ሁሉ ነገር በአንድ ሌሊት እጥፍ ሲሆን፣ አንድ በአንድ መባዛትን ብቻ የሚያውቀው ስሌት ምን ይላል? በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች አረቢካ ላይ በድንገት ሰፉ ይላል። የአክስቴ ልጅ ደስ ብሏት ነበር። «አየሽ፣ የኛ ቡና!» መፍትሔው የአረቢካን ጂኖም በሁለት ከፍሎ፣ የሮቡስታውን ግማሽ ከሮቡስታ አጠገብ፣ የዩጂንዮይደሱን ከዩጂንዮይደስ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። እንደዚያ አደረግን። ለማነጻጸሪያ ቲማቲም፣ ድንችና ወይን ሲጨመሩ ሰባት ዓምድ ሆነ። ደስታዋም ቀነሰ።

ትልልቆቹን ቤተሰቦችም ለየናቸው። ካፌ ለእያንዳንዱ የቅርንጫፍ ርዝመት፣ ከስንት ቅጂ ወደ ስንት መሄድ ምን ያህል ዕድል እንዳለው የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ትልቁ ቤተሰብ 100 ከሆነ ከዜሮው ጋር 101 በ101 ነው፤ አሥር ሺህ ገደማ ቁጥር። 1,000 ከሆነ ሚሊዮን አለፈ። ከዚያም በላይ፣ አንዱ ዝርያ 3፣ ሌላው 200 ያለው ቤተሰብ ሲመጣ ስሌቱ መነሻ ያጣል። ፕሮግራሙ ራሱ ልዩነታቸው የሰፋውን ቤተሰቦች ዘርዝሮ «እነዚህን አውጥታችሁ ሞክሩ» ይላል። ላምዳውን ከትንንሾቹ አገኘን፣ ለትልልቆቹ ያንኑ ሰጠናቸው። የተለመደ አሠራር ነው፣ እኔ የፈጠርኩት ነገር የለም።

አሁን ወደ ዜሮዋ።

የአክስቴ ልጅ የምትፈልጋቸው በሽታ ተከላካይ ጂኖች ለመቁጠር አስቸጋሪ ናቸው። እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፣ ተደርድረው ነው የሚገኙት፣ ብዙ ቅጂ አላቸው። ጂኖሙ ከቁርጥራጭ ሲገጣጠም አሥሩ ተጨፍልቀው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ጂን የሚለየው ፕሮግራም ደግሞ ድግግሞሽ መስሎት ሊዘላቸው ይችላል። ሠንጠረዡን ስናየው አንድ ረድፍ ላይ 7፣ 8፣ 7፣ 0፣ 5፣ 6፣ 4 ይላል። ያ ዜሮ የዩጂንዮይደስ ጎን አረቢካ ላይ ነው። የቅርብ ዘመዱ ስምንት አለው። እሱ ዜሮ። ካፌ ይህን ሲያይ ስምንቱም በአጭር ጊዜ አለቁ ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለ እልቂት እንዲመጣ ፍጥነቱ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ ላምዳን ይገፋዋል። ላምዳ ሲጨምር ደግሞ የሌሎቹ ቤተሰቦች ሁሉ ውጤት ይለወጣል። በአንድ ዜሮ ሳይሆን በብዙ መቶ ዜሮ።

ምን እናድርግ ስንል አባባ ከበስተኋላችን ቆሟል።

አባባ ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር መጋዘን ውስጥ ሠርቷል። ድሬ ላይ የባቡር ሰው ከሆንክ ግማሽ ፈረንሳይኛ ትናገራለህ፣ ግማሹን ደግሞ ታስመስላለህ። ላፕቶፔ ሲሠራ የሚያሰማውን ድምፅ «ዳገት የያዘ ሎኮሞቲቭ» ይለዋል። ከትከሻዬ በላይ ስክሪኑን ሲያይ ቆየና ጣቱን ዜሮዋ ላይ አደረገ።

«ይሄ ተቆጥሮ ነው ወይስ ሳይቆጠር?»

«ምኑ?»

«ዜሮው። መደርደሪያው ተከፍቶ ታይቷል?»

ከመኝታ ቤቱ አንድ ደብተር ይዞ መጣ። ጠንካራ ሽፋን፣ ጠርዙ በጨርቅ ፕላስተር የተለጠፈ፣ ውስጡ በቀይና በሰማያዊ መስመር የተሰመረ። የ1976 ዓ.ም. የራሱ መዝገብ ነው። ብሎን፣ የፍሬን ዕቃ፣ የዘይት ማጣሪያ። በእያንዳንዱ ረድፍ የወር መጨረሻ ቆጠራ አለ። አንዳንዱ ቦታ ዜሮ፣ አንዳንዱ ቦታ አጭር ሰረዝ። የሱ ሰረዝ ከቀኝ ጫፏ ትንሽ ቀና ትላለች፣ ፊርማው ላይ እንዳለችው ዓይነት።

«ዜሮ ማለት መደርደሪያውን ከፍቼ አይቻለሁ፣ የለም ማለት ነው። ሰረዝ ማለት ግን እዚያ መደርደሪያ ጋ አልደረስኩም ማለት ነው። ሁለቱን ካምታታሻቸው ወይ ያለሽን ዕቃ ደግመሽ ከጅቡቲ ታዢያለሽ፣ ወይ የሌለሽን ለመካኒኩ ቃል ትገቢያለሽ።»

የአክስቴ ልጅ አየችኝ። አየኋት። እኔ እኮ ለነጋዴ የዕቃ ፕሮግራም የምሠራ ሰው ነኝ! በራሴ ፕሮግራም ውስጥ እንኳ ባዶውን ሣጥን ዜሮ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። (ማታውኑ አስተካከልኩት። ደንበኞቼ እስካሁን አላወቁም፣ አሁን ካነበባችሁ አወቃችሁ።)

በኮድ ሲታይ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ካፌ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንድ የቁጥሮች ረድፍ ያስቀምጣል። ቲማቲም 5 ካለው፣ አምስተኛው ቦታ ላይ 1፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ። «እርግጠኛ ነኝ፣ አምስት ነው» ማለት ነው። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የስህተት ሞዴል የሚባል አለው፤ አምስት ብለን የቆጠርነው በእውነት አራት ወይ ስድስት የመሆን ዕድል እንዲኖረው ያደርጋል። ይህ ጥሩ ነው፣ እኛም ተጠቅመንበታል። ግን ለጠቅላላው ዝርያ ነው የሚሠራው። እኔ የፈለግኩት ይህቺን አንዲት ሣጥን ብቻ «አልቆጠርኩም» ማለት ነው። አልቆጠርኩም ማለት የትኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉም ቦታ ላይ 1 ይገባል። ያ ጫፍ ምንም ምስክርነት አይሰጥም፣ ስሌቱም በሌሎቹ ላይ ብቻ ይቆማል። የዝርያ ዛፍ የሚሠሩ ሰዎች የጠፋ የዲኤንኤ ፊደልን ሲይዙ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው።

የራሴን ቅጂ አወጣሁና ገባሁበት። ሠንጠረዡን የሚያነበው ክፍል ሰረዝ ሲያገኝ ከዜሮ በታች አንድ ብሎ እንዲመዘግብ አደረግኩ። ኮምፓይል አደረግኩ። አስነሳሁት። ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ወደቀ። ከዜሮ በታች አንድ የሚለውን ቁጥር ሌላ ቦታ ወስጄ የመደርደሪያ ቁጥር አድርጌ ተጠቅሜበታለሁ። ከመጀመሪያው መደርደሪያ በፊት ያለውን መደርደሪያ ክፈት እንደማለት ነው። ሁለት ምሽት ወሰደብኝ። ትልቁንና ትንሹን ቁጥር የሚፈልገውም ክፍል፣ ስሩ ላይ የሌሉ ቤተሰቦችን የሚያጣራውም ክፍል፣ ሁሉም ስለ ሰረዝ ሊነገራቸው ይገባ ነበር። አንድ ምልክት ጨመርኩ ብዬ ስድስት ፋይል ነካሁ።

ከዚያ ሠራ። ላምዳው ወረደ። ደስ አለኝ። እናቴን ቀስቅሼ ልነግራት ነበር።

ችግሩን ያገኘሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው፣ እሱም በአጋጣሚ። ውጤቱን ስደረድር ሰረዝ ያለበት አንድም ቤተሰብ ጉልህ ለውጥ አላሳየም። አንድም! ሰረዝ የሌላቸው መካከል ግን ጉልህ የሆኑ ብዙ አሉ። መጀመሪያ «የውሸት ዜሮዎቹ ስለወጡ ነው፣ ትክክል ነው» አልኩ። ለራሴ የምነግረው ውሸት ሁሌ እንዲህ ደልደል ያለ ነው። ግን አላስተኛኝም። ስለዚህ በጣም ጉልህ የነበረ አንድ ቤተሰብ ወሰድኩ። ለውጡ ቲማቲምና ድንች ላይ ነው። ከለውጡ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን የወይንን ቁጥር ሆን ብዬ በሰረዝ ተካሁት። ደግሜ አስነሳሁ። ጉልህነቱ ጠፋ።

ወይን ምን አገባው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፌ አንድ ለውጥ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ የሚያውቀው በማስመሰል ነው። በተገኘው ላምዳ ብዙ የውሸት ቤተሰቦችን ይፈጥራል። የእያንዳንዳቸውን ዕድል ያሰላል። የእኛ ቤተሰብ ከነዚያ ከአብዛኞቹ ያነሰ ዕድል ካለው «ይህ የአጋጣሚ አይመስልም» ይላል። ዕድል ደግሞ ምስክር በበዛ ቁጥር እየተባዛ ያንሳል። የውሸቶቹ ቤተሰቦች ሰባት ምስክር ቆሞባቸዋል። የኔ ሰረዝ ያለበት ስድስት። ከአንድ የማይበልጥ ስድስት ቁጥር ተባዝቶ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሰባቱ ይበልጣል። ስለዚህ ሰረዝ ያለው ቤተሰብ በቀላሉ «ደህና ነኝ» ብሎ ያልፋል። ጥፋቱ የካፌ አይደለም። እሱ ሰረዝ የሚባል ነገር ይመጣብኛል ብሎ አላሰበም። እኔ ነኝ ግማሹን ቤት አድሼ ግማሹን የተውኩት።

መፍትሔው የውሸቶቹንም መሸፈን ነው። የኔ ቤተሰብ ወይን ላይ ሰረዝ ካለው፣ የሚወዳደረውም ወይኑ ከተሸፈነ የውሸት ቤተሰብ ጋር መሆን አለበት። ይህ ግን ዋጋ አለው። በፊት አንድ የማስመሰያ ስብስብ ለሁሉም ይበቃ ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ የሰረዝ አቀማመጥ አንድ ያስፈልጋል። በሰባት ዓምድ ሊኖር የሚችለው አቀማመጥ 128 ነው። ደግነቱ በእኛ ሠንጠረዥ ውስጥ የተገኘው 19 ብቻ ነበር። ተመሳሳይ አቀማመጥ ያላቸውን አንድ ላይ ሰበሰብኩ፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንዴ ብቻ እንዲያስመስል አደረግኩ። በፊት ሌሊት ላይ የሚያልቀው አሁን ጠዋት ላይ ያልቃል። እናቴ የሰማችው ስልክ ያኔ የተደወለው ነው።

መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ተማርኩና እያንዳንዱ ቡድን ሲያልቅ ውጤቱን ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥ አደረግኩ። ስለ ሶፍትዌር ማሻሻል የሚጽፉ ሰዎች ይህን አይጠቅሱትም። ለኔ ከሁሉም የበለጠ የሚጠቅም ለውጥ ይህ ነበር።

ማረጋገጫም ያስፈልጋል። ላምዳው 0.002 የሆነ የውሸት ሠንጠረዥ ሠራሁ፣ እውነቱን ስለማውቀው። ከዚያ የተወሰኑ ሣጥኖችን በዘፈቀደ መርጬ ሁለት ቅጂ አዘጋጀሁ። በአንዱ ሣጥኖቹን ዜሮ አደረግኳቸው፣ በሌላው ሰረዝ። ዜሮ ያደረግኩት ላይ ላምዳው ጉልህ በሆነ ሁኔታ ወደ ላይ ሸሸ። ሰረዝ ያደረግኩት ላይ ወደ እውነቱ ተጠጋ። መነሻ ቁጥሩን እየቀያየርኩ አምስት ጊዜ ደገምኩት፣ ምክንያቱም ይህ ዓይነት ፍለጋ አንዳንዴ መንገድ ላይ ያገኘውን ጉድጓድ ታች መስሎት እዚያው ይቀመጣል። አምስቱም ተስማሙ።

አሁን የቀረው የኮድ አይደለም፣ የሰው ሥራ ነው። ሰረዝ የሚያደርገው ማነው? የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ «ሁሉንም አጠራጣሪ ዜሮ ሰረዝ እናድርገው» አለች። አልተስማማሁም። እንደዚያ ከሆነ የጠፋ ጂን የሚባል ነገር በሠንጠረዡ አይኖርም፤ የምንፈልገውንም ራሳችን ሸፈንነው ማለት ነው። አባባም ከኔ ወገን ቆመ። «ሰነፍ መጋዘን ያዥ ሰረዝ ይወዳል» አለ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለምና «አንተስ በ76 ስንት ሰረዝ ነው ያደረግከው?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም።

ተነጋግረን ሕግ አወጣን። ለእያንዳንዱ አጠራጣሪ ዜሮ፣ የዘመዱን ፕሮቲን ይዛ በጥሬው ጂኖም ላይ ትፈልጋለች። ጂኑ እዚያ ካለና ዝም ብሎ ያልተመዘገበ ከሆነ ትቆጥረዋለች፣ ቁጥሩ ይገባል። ጂኑ የለም፣ ነገር ግን የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹ አሉ፣ መሀሉም ሳይቆራረጥ ተነቧል ከሆነ፣ ያ እውነተኛ ዜሮ ነው፣ ይቆያል። ቦታው ራሱ ክፍተት ከሆነ፣ ወይም ቁርጥራጩ እዚያ ላይ ካለቀ፣ ሰረዝ። ያቺ 7፣ 8፣ 7፣ 0 ያልኳችሁ ረድፍ ሦስተኛው ዓይነት ሆና ተገኘች። ክሮሞሶሙ ልክ እዚያ ላይ ክፍተት አለው። ስምንቱም ሞቱ የተባሉት ጂኖች ሬሳቸው አልተገኘም።

ይህ ግን ቀን ይበላል። አንዷን ሣጥን ለማጣራት ሩብ ሰዓት የሚሄድበት ጊዜ አለ። እሷ ሐረር ሆና ታጣራለች፣ ማታ ማታ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔ ሠንጠረዡን አድሳለሁ። አንዳንዴ ከቁጥሩ ጋር የቁቲ ስኒ ፎቶ ይመጣል። የቡናውን ጂን እያጣራች ቅጠሉን ትጠጣለች።

የኮዱን ለውጥ ገና ለዋናዎቹ ሠሪዎች አላቀረብኩም። ጽዳት ይቀረዋል። አስተያየቶቹ ግማሹ በአማርኛ ናቸው፣ አንዱ ተለዋዋጭ ደግሞ ስሙ «ሰረዝ» ነው፤ በላቲን ፊደል ስጽፈው ለሌላ ሰው ምንም ትርጉም የለውም። እሱን መቀየር አልፈለግኩም፣ ግን እቀይረዋለሁ። የማስመሰያውንም ክፍል አንድ የማውቀው ሰው እንዲያይልኝ ሰጥቻለሁ፤ እኔ አንዴ የተሳሳትኩበት ቦታ ላይ የራሴን ዓይን አላምነውም።

ትናንት የቀረን 31 ሣጥን ነበር። ዛሬ ጠዋት አራቱን ላከች። ሁለት ሰረዝ፣ አንድ እውነተኛ ዜሮ፣ አንድ ደግሞ 6። ስድስቱ ጂኖች እዚያው ተደርድረው ነበር፣ ማንም አልመዘገባቸውም እንጂ። ቅዳሜ ትመጣለች። አባባ ደብተሩን መልሱልኝ ብሏል፤ የ76ቱን ሰረዞች መቁጠር ጀምሮ ነበር መሰለኝ፣ ገጽ 40 ላይ መነጽሩን አገኘሁት።